ብሎን የሌለው ሣጥን

ሸዋነሽ ሱቋን ከፍታ ገና ደጃፉን ጠርጋ ሳትጨርስ አንድ አይሱዙ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። ከላይ፣ በባዶ የማንጎ ሣጥኖች መሀል፣ በጥር ወር እሷው ራሷ የሸጠችው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል በገመድ ታስሮ ተጋድሟል። ከጋቢናው ሊድያ ወረደች። ሊድያ ተበላ ከምትባለው የሁምቦ ከተማ ናት፤ ከሁምቦ ገበሬዎች ማንጎና አቮካዶ እየገዙ ሶዶ አምጥተው የሚሸጡ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ። ሰላምታም በቅጡ አልሰጠችም።

«ይቺ ሞተር ሞተ፣ እትዬ ሸዋነሽ» አለች። ቤቷ የምትናገረው ወላይትኛ ስለሆነ አማርኛዋ ላይ ወንድና ሴቱ ይቀያየርባታል፤ የምትለው ነገር ግን ለማንም ግራ አጋብቶ አያውቅም።

«ምን ሆነ?»

«ዝናብ ነበር። መንገዱ ላይ ውሃ ተኝቷል። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ትንሽ ሄደችና ቆመች። ባትሪው ሙሉ ነው። መብራቱ ይበራል። ጎማው ግን አይዞርም። ማንጎዬ መንገድ ላይ ውሎ ግማሹ ተበላሸ።»

ሸዋነሽ ምን እንደሆነ ሳታየው አወቀች። ክረምቱ ከገባ ወዲህ እንዲህ ሆኖ የመጣ የመጀመሪያው አልነበረም። ከእግር መርገጫው ሥር አንዲት ጥቁር ሣጥን አለች፤ ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል እየመጠነች ለጎማው የምታደርስ። መካኒኮች ኮንትሮለር ይሏታል፣ ሰዉ በአጭሩ ሣጥኗ ይላታል። ሽቦዋ በሚገባበት ቀዳዳ ውሃ ሰርጎ ከገባ ሞተሩ እዚያው ይቆማል። ሣጥኗ ብሎን የላትም። ዙሪያዋን ተጣብቃ፣ በላዩ የፋብሪካው ማኅተም ተለጥፎባት ነው የምትመጣው። ፋብሪካው ደግሞ ሣጥኗን ለብቻዋ አይሸጥም፤ ከኋላ ጎማው፣ ከነሽቦውና ከባትሪው ማቀፊያ ጋር አንድ ላይ ካልሆነ። ያ ማለት የአዲስ ሞተር ግማሽ ዋጋ ነው።

ይህንኑ ለሊድያ ነገረቻት። ከዚያ በፊት ለሌሎች በነገረችበት ቃል፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ።

ሊድያ ሰምታ ጨረሰችና «እትዬ፣ የቤትዎ በር ማጠፊያ ቢሰበር ቤቱን አፍርሰው ይሠራሉ?» አለች።

ሸዋነሽ መጥረጊያውን በሩ ላይ አስደገፈች።

«እኔ ልጣላ አልመጣሁም። ማኅበራችን ክረምቱ ሲያልፍ ሠላሳ ሞተር ይገዛል። ብድሩ ተፈቅዷል። አባሎቼ ሊድያ የገዛችውን እንገዛለን ብለው ነበር። አሁን የእኔ በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ አይተዋል።» ወደ አስፋልቱ ማዶ በአገጯ አመለከተች። እዚያ ባለፈው ወር የተከፈተ አዲስ ሱቅ አለ፤ በሩ ላይ «ብርቱ ኤሌክትሪክ ሞተር» የሚል ቀይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ታሪኩ የሚባል የአረካ ልጅ ነው። «እሱንም እናየዋለን። ሁለታችሁም አንድ አንድ ሞተር ይዛችሁ ተበላ ኑ። ጭነን፣ ውሃ አሻግረን እንነዳዋለን። የተበላሸውን እዚያው ፊታችን፣ ተበላ ገበያ ላይ በሚገኝ መሣሪያ ትጠግናላችሁ። መጠገን የቻለውን እንገዛለን።»

ሞተሩን አውርዳ ሄደች።

ሸዋነሽ ሞተሩን ወደ ጓሮ ገፋችው። እዚያ ሌሎች ስምንት ቆመዋል። ከመካከላቸው አንደኛው ኦቶና ሆስፒታል አዳር ትገባ የነበረች ትዝታ የምትባል ነርስ ንብረት ነበር። ትዝታ ወደ ሌላ ዞን ስትዛወር ሞተሩን ብረት ለሚገዛ ሰው ልትሸጠው ፈልጋ፣ ሸዋነሽ ናት አፍራ ከብረት ዋጋው ትንሽ ጨምራ የወሰደችው። ልጅቷ ስትሰናበታት እንኳ አልተቆጣችም። «ችግር የለም፣ እትዬ» ነበር ያለቻት። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ሱቁ የአባቷ የአቶ ገብርኤል ነው። አቶ ገብርኤል በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር ወጥተው ሶዶ ገቡ፤ የልብስ ስፌት መኪና ሲሸጡ ኖረው ሱቁን ለሴት ልጃቸው ትተው አረፉ። ስፌት መኪናው ገበያ ሲያጣና ቤንዚን ሲጠፋ፣ ሰው ማደያ ተሰልፎ ሲያድርና በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን በጥቁር ገበያ ሲገዛ፣ ሸዋነሽ የሚመጣውን ቀድማ አየች። የስፌት መኪና ንግዱን ትታ «ገስጋሽ» የተባለውን የኤሌክትሪክ ሞተር ውክልና ከአዲስ አበባ አመጣች። ያኔ በሶዶም፣ በቦዲቲም፣ በአረካም ሌላ የሚሸጥ አልነበረም። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ ነጋዴው ተራ ይዞ ገዛ። ዋጋውን የሚጠይቅ እንጂ የሚከራከር አልነበረም። ስለ ሣጥኗም የጠየቀ የለም፤ እሷም ብትሆን።

ወደ ፋብሪካው ደወለች። ያነሳው የሽያጭ ሥራ አስኪያጁ አድነው ነው። ትህትና የማይለየው፣ ቀጠሮ የማያፈርስ ሰው ነው። የሊድያን ውድድር ነገረችው።

«ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ እኛ የሰፈር ውድድር ውስጥ አንገባም» አላት። «ሣጥኑ የተዘጋው ውሃ እንዳይገባው፣ ማንም ነካክቶ እንዳያበላሸው ነው።»

«ውሃውማ ይገባል። ዘጠኝ ጓሮዬ ቆመዋል።»

«ደንበኞችዎ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንዳይነዱ ያስረዱ።»

«የወላይታን ክረምት ነው የማስረዳው?»

አድነው ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን አለሳልሶ «ውሉን ያውቁታል። ማኅተሙን የሰበረ ወኪል ውክልናውን ያጣል። እርስዎን ማጣት አንፈልግም» አለና ተሰናበታት።

ማታ ራት ላይ ለባሏ ለወልደጊዮርጊስ ነገረችው። ወልደጊዮርጊስ ጉርሻውን አስቀምጦ አባቷ ሱቁ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ሰሌዳ ጠቀሰባት። «አባትሽ ምን ብለው ጻፉ? የተሸጠ ዕቃ አይመለስም! አለቀ። አንቺ ሻጭ ነሽ፣ የሠራሽው አንቺ አይደለሽም። ውክልናው ከሄደ ምን ልንሸጥ ነው?»

«አባባ ያንን ጽፈው የሰፊዎቹ መኪና ሲበላሽ ግን መርፌውን፣ ጥርሱን፣ ቀበቶውን አንድ በአንድ ይሸጡ ነበር። ሰው መኪናውን ይዞ ሳይሆን የተሰበረውን ብቻ ይዞ ነበር የሚመጣው» አለች። «እኔ ሰው ሲመጣ በጓሮ በር መውጣት ጀምሬያለሁ፣ ወልዴ። አንተ አላየህ እንደሆነ እንጃ።»

አይቶ ነበር። ጉርሻውን አንሥቶ ጎረሰ።

ተበላ የሄደችው በገበያው ማግስት ነው። ሜዳው ላይ የማኅበሩ ሴቶች ሣጥኖቻቸውን ደፍተው በላያቸው ተቀምጠዋል፤ ሥራ ፈትቶ ሊያይ የመጣውም ብዙ ነው። ታሪኩ ቀድሞ ደርሷል። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ከንፈሩ ላይ ሳቅ የማይጠፋ ጎልማሳ ነው፤ ሴቶቹን በወላይትኛ እያጫወተ ነበር። ሸዋነሽን ሲያይ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጣት።

በሁለቱም ሞተሮች ላይ ሦስት ሦስት ሙሉ ሣጥን ማንጎ ተጫነ። ነጂዎቹን የመረጠችው ሊድያ ናት፤ ሁለቱም የማኅበሩ አባሎች ናቸው። ከከተማው ዳር ያለውን ውሃ ተሻግረው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ዞረው መምጣት ነው።

መጀመሪያ የታሪኩ ሄደ። ውሃውን ያለ ችግር ተሻገረ፤ ዳገቱ ላይ ግን እያቃሰተ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማ። ሲመለስ አዩት፤ ከመቀመጫው ሥር ያለው የአካሉ ብረት ተሰንጥቋል። ታሪኩ ፊቱ ቀላ፣ ግን አልዘገየም። ሞተሩን እየገፋ ገበያው ዳር ያለ ብየዳ ቤት ወሰደው፤ ሴቶቹም አብረው ሄዱ። የተሰነጠቀው ተበየደ። ሲመለስ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ሞተር ሣጥን በአሥር ቁጥር ቁልፍ አራት ብሎን ፈትቶ አወጣና ከፍ አድርጎ አሳየ። መልሶም ገጠመው። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

ቀጥሎ ገስጋሽ። ገስጋሽ ጉልበታም ነው፤ ያንን ሁሉ ጭነት ይዞ ዳገቱን ሲወጣ የታሪኩ ነጂ ሳትቀር ተገርማ አየችው። ቁልቁለቱን ሲወርድም አንድ ነገር አላለውም። የሸዋነሽ ልብ ትንሽ አረፈ። ሲመለስ ግን ውሃው መሀል ሲደርስ ጎማው ቀጥ አለ። ነጂዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወርዳ ገፍታ አወጣችው።

ሁሉም ወደ ሸዋነሽ ዞረ።

ሸዋነሽ ከቦርሳዋ ካቻቢቴ አውጥታ ተንበረከከች። የእግር መርገጫውን ፈታች። ሣጥኗ ብቅ አለች፤ በማኅተሙ ላይ «የከፈተ ዋስትናውን ያጣል» የሚል ተጽፏል። ለአፍታ እጇን አሳረፈችበት። ከዚያ በካቻቢቴው ጫፍ ቀደደችው።

የተጣበቀው ጠርዝ ግን በካቻቢቴ አልላቀቅ አለ። ታሪኩ መሮና መዶሻ አቀበላት፤ ሳቁን ከፊቱ ላይ አጥፍቶ ነበር። ደጋግማ መታችው። ክዳኑ ሲሰነጠቅ ውስጡ እስከ አፉ ድረስ በደረቅ ጥቁር ሙጫ ተሞልቶ ታየ። ሽቦ የለም፣ ብሎን የለም፣ የሚነካም ነገር የለም። በአንድ ጥግ ብቻ፣ ሽቦው በሚገባበት በኩል፣ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሙጫው ውሃውን መከልከሉ ቀርቶ ይዞት ቁጭ ብሏል።

ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ሳቀ። ሊድያ ዞር ብላ ስታየው ሳቁን ዋጠ።

ሸዋነሽ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጭቃ ሳታራግፍ ተነሣች።

«ይህንን መጠገን አልችልም። እኔ ብቻ ሳልሆን ማንም አይችልም፤ እንዳይጠገን ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህንን ዛሬ አይደለም ያወቅሁት። ጓሮዬ ውስጥ የቆሙትን እያየሁ ሌላ ስሸጥ ነበር። እናንተ ግን እንዲህ ሆኖ ሳለ አትግዙት።»

ከዚያ ወደ ሊድያ ዞረች። «አንድ ነገር ልለምንሽ። የታሪኩም አካሉ ተሰንጥቋል። ዛሬ ከማንም አትግዙ። አቮካዶው እስኪደርስ ጠብቁኝ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«እኔ የምሸጠው ሞተር ሣጥኑ በብሎን የሚፈታ እንዲሆን አደርጋለሁ።»

«ፋብሪካው እምቢ ቢል?»

«እስቲ ሲል ሄጄ ልስማው።»

ሴቶቹ በወላይትኛ ተነጋገሩ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ አንዲት ሴት እንደውም ተነሥታ «እኔ የታሪኩን ዛሬውኑ በራሴ ገንዘብ እገዛለሁ» ብላ ሄደች፤ ገዛችም። የቀሩት ግን ሊድያን ሰሙ። «እስከ አቮካዶ» አለች ሊድያ። «ከዚያ አንድ ቀን አናልፍም።»

ሸዋነሽ የተፈለጠችውን ሣጥን በፌስታል ጠቅልላ አዲስ አበባ ሄደች። አድነው ቢሮው ሲያስገባት ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ከሙጫው ፍርፋሪ ረግፎ ወረቀቶቹ ላይ ተበተነ።

«ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ። በሕዝብ ፊት።»

አድነው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። አልጮኸም። «እውነቱን ልንገርዎት?» አለ። «ይህ ሣጥን በሙጫ የተሞላው ርካሽ ስለሆነ ነው። ብሎን፣ የብሎን ክር፣ ጎማ፣ ተጨማሪ ሠራተኛ ሁሉ ወጪ ነው። መለዋወጫ ለየብቻ ማስቀመጥም መጋዘን ይፈልጋል። እስከ አምና ድረስ ገበያው ላይ ብቻችንን ነበርን። ሰው የሠራነውን ሁሉ ይወስዳል። ወጪ የምንጨምረው ለምንድን ነው?»

«አሁን ብቻችሁን አይደላችሁም።»

«ብርቱን ነው? አካሉ የሚሰነጠቀውን?»

«ይሰነጠቃል፣ ይበየዳል፣ ይሄዳል። የእናንተ አይሰነጠቅም፣ ግን ቆሟል።»

አድነው አንድ ሰው አስጠራ። የመጣው ሚናስ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ የሥራ ካፖርቱ ኪስ በእስክሪብቶ ቀለም የተበከለ። ሣጥኗን አንሥቶ በመሮ የተመታውን አገላበጠ። «ውሃው በዚህ ነው የገባው አይደል? በሽቦው በኩል» አላት። ራሷን ነቀነቀች። ለአድነው «ያልኩህ ነው» አለው፤ ያልተጨረሰ የቆየ ክርክር ያላቸው ይመስላል። ከዚያ ለሸዋነሽ «በስድስት ብሎንና በጎማ የሚዘጋ ሠርቼ ነበር። ስዕሉ አለ። ተወዳዳሪ እስኪመጣ ይቆይ ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ» አላት።

«መጥቷል» አለች ሸዋነሽ። «ፊት ለፊቴ ሱቅ ከፍቷል።»

አድነው ግን በዚያች ቀን አልተረታም። ለአንድ ከተማ ተብሎ የማምረቻ መስመር አይቀየርም አለ። ውሉ ፈርሷልና የገስጋሽን ሰሌዳ እንድታወርድ ጠየቃት።

«ሰሌዳውን አወርዳለሁ» አለችው። «የቆሙትን አሥር ሞተሮች፣ ተበላ ላይ የቆመውን ጨምሮ፣ ስትወስዱልኝ ወይም ስታስነሡልኝ። እስከዚያ ግን ስማችሁ እኔ በር ላይ ይቆያል።»

ሶዶ ስትመለስ ያደረገችውን ነገር ማንም አልጠበቀም። ጓሮ የተደበቁትን ሞተሮች አንድ በአንድ አወጣች። አጥባ፣ ወልውላ፣ ሱቁ ፊት ለፊት ከሰሌዳው ሥር በረድፍ አቆመቻቸው። ከፊታቸው ካርቶን ላይ በትልቁ ጻፈች፦ «እነዚህ ሞተሮች ጤነኞች ናቸው። የቆሙት በአንዲት ሣጥን ብልሽት ነው። ሣጥኗ አትፈታም፣ ለብቻዋም አትሸጥም። ገስጋሽ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይወቁ።»

ወልደጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ቀን ከቤት አልወጣም። ሁለተኛውን ቀን ግን ዝናብ ሊመጣ ሲል ብቻዋን ሸራ ልትጥልባቸው ስትታገል አያት። መጥቶ በሌላኛው ጫፍ ያዘላት። «ትልቁ ሞኝነትሽ ይሄ ነው» አላት፤ ሸራውን ግን በደንብ አሠረው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሮቹን የሚያወጣው እሱ ሆነ።

ወሬው ከሶዶ አልፎ ሄደ። ካርቶኑን ፎቶ ያነሡ ነበሩ። ከአረካ ሊገዛ የመጣ ሰው አነበበና ወደ ታሪኩ ተሻገረ። ከቦዲቲ የመጣውም እንዲሁ። ታሪኩ ያመጣውን ሁሉ ሸጠ። እሷ ሱቅ ውስጥ የተረፈው ጥቂት መብራትና የስፌት መኪና ክር ነበር፤ ያንን እየሸጡ ከረሙ። ቤት ውስጥ ሥጋ ቀረ፣ የልጃቸውን የኮሌጅ ክፍያ ከወልደጊዮርጊስ ወንድም ተበደሩ። ሸዋነሽ አንዳንድ ጊዜ ደንበኞቿ ከማዶ ሱቅ አዲስ ሞተር እየገፉ ሲወጡ ታያለች፤ ጥርሷን ነክሳ ካርቶኑን ትወለውላለች። በደቡብ በኩል ያሉ ሌሎች ሁለት ወኪሎችም ደወሉላት። እንደ እሷ ባያደርጉም ፋብሪካውን መጠየቅ ጀመሩ።

የአቮካዶው ወቅት ሲቃረብ ሚናስ ከነዕቃው መጣ። ያለ ቀጠሮ ነበር። በረድፍ የቆሙትን ሞተሮች እያየ ካርቶኑን አነበበና «አድነው ፎቶውን ስልኩ ውስጥ ይዞታል» አላት። «ወደ ደቡብ የሚወጣው ጭነት ከቀነሰ በኋላ ነው ስዕሉን ከመሳቢያ ያስወጣኝ።» ከመኪናው ጀርባ ካርቶን አወረደ። ውስጡ ስድስት ስድስት ብሎን ያላቸው፣ ጠርዛቸው በጎማ የታጠረ አዳዲስ ሣጥኖች ነበሩ። «ውክልናውም ይመለስልዎታል ብሏል። አዲሶቹ ሞተሮች በዚህ ነው የሚወጡት።»

«መጀመሪያ እነዚህ» አለች ሸዋነሽ፤ የቆሙትን እያሳየች።

«ለአሮጌዎቹ በተሠሩበት ዋጋ እንድንሸጥ ነው የተባለው።»

«በነፃ። እነሱ ከፍለዋል።»

ሚናስ ስልኩን አውጥቶ ወደ ጎን ሄዶ ከአድነው ጋር ብዙ አወራ። ተመልሶ መጣና «በነፃ» አለ። «ብረት ተብለው ለተሸጡት ግን ምንም ማድረግ አልቻልኩም።»

ትዝታን ደውላ አገኘቻት። ሞተሯ እንደሚሠራና እንደምትልክላት ነገረቻት። ትዝታ ግን በተዛወረችበት ቦታ ሌላ ሞተር ገዝታለች። «የምን?» ብላ ጠየቀቻት ሸዋነሽ። «ብርቱ» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ሸዋነሽ ሞተሩን ሸጣ ገንዘቡን ላከችላት።

የሊድያን ሣጥን የቀየረችው ሸዋነሽ ራሷ ናት፤ ተበላ፣ ያ ሜዳ ላይ፣ ሚናስ ቆሞ እያየ። ከዚያ ሊድያ «ቆይ እኔ ልሞክር» ብላ ፈታችው፣ መልሳ ገጠመችው፣ አንድ ብሎን ተረፋት፤ እንደገና ፈታችው። ሞተሩ ጭነቱን ይዞ ውሃውን ደጋግሞ ተሻገረ። ሰው ለማበላሸት ሆን ብሎ ጥልቁ ላይ አቆመው። አልተበላሸም።

ታሪኩም እዚያ ነበር። ሰምቶ ዝም አላለም፤ መቀመጫው ሥር ወፍራም ብረት የተጨመረበት አዲስ ብርቱ ይዞ መጥቷል። ጭነቱን በእጥፍ አድርጎ ቁልቁለቱን አወረደው። አልተሰነጠቀም።

ሴቶቹ ተመካከሩ። ሊድያ ውሳኔውን ተናገረች፦ ግማሹ ከሸዋነሽ፣ ግማሹ ከታሪኩ።

ሸዋነሽ ጆሮዋን አላመነችም። ሊድያን ለብቻዋ ስባ «እኔ ስንት ወር ሱቄ ባዶ ሆኖ የቆየሁት ለዚህ ነው?» አለቻት። «ልጄ የተማረው በብድር ነው። አትግዙ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። እውነቱን የነገርኳችሁ እኔ ነኝ!»

ሊድያ እጇን ያዘቻት። «እርስዎን አምናለሁ፣ እትዬ። ስለ እርስዎማ ሁሉንም ብንገዛ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሞተሩን የሚሠራው እርስዎ አይደሉም። ሁሉንም ከእርስዎ ብንገዛ ታሪኩ ሱቁን ይዘጋል። ታሪኩ ከዘጋ ያ ሰውዬ ስዕሉን መልሶ መሳቢያ ይከተዋል፤ ሣጥኗንም እንደገና በሙጫ ይሞላል። ሁሉንም ከታሪኩ ብንገዛ ደግሞ ብረቱ ይቀጥናል። ሁለታችሁም እንዳትተኙ ነው የምንፈልገው።»

ሸዋነሽ እጇን አላስለቀቀችም። ወደ ሶዶ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያየች ነበር። ሚናስ ሊያጫውታት ሞክሮ ተወ። ሶዶ ሊገቡ ሲሉ፣ ዳሞታ ተራራ ደመናውን ገፍቶ ብቅ ሲል፣ «እውነቷን ነው» አለች፤ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ጮክ ብላ «እውነቷን ነው፣ ሚናስ!»

ከዚያ ወዲህ ንግዱ ቀላል አልሆነላትም። ታሪኩ ከእሷ ያነሰ ዋጋ ሲያወጣ እሷ መለዋወጫውን ሁሉ በመስተዋት ውስጥ ደርድራ ዋጋውን ጽፋ ለጠፈች፤ ሣጥኑ፣ ብሎኑ፣ ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ ሁሉም ለየብቻ። ታሪኩ መጥቶ አየና በሳምንቱ የራሱን ደረደረ። የተበላ ሁለት ሴቶች ሣጥን መቀየር ለምደው ለሌሎቹ በክፍያ ይሠራሉ። እነሸዋነሽ ለልጃቸው የተበደሩት ዕዳ ገና አላለቀም። ወልደጊዮርጊስ አሁንም ያ ካርቶን ትልቅ ሞኝነት ነበር ይላል፤ ግን ሲናገር ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው።

አንድ ጠዋት ሸዋነሽ በሯን ስትከፍት ከማዶ ታሪኩ መሰላል ላይ ወጥቶ አዲስ ጽሑፍ ሲሰቅል አየችው። «የአካል ዋስትና ሁለት ዓመት» ይላል። ታሪኩ ከመሰላሉ ላይ እጁን አውለበለበላት። እሷም አውለበለበችለት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ስልኳን አነሣችና አድነው ጋ ደወለች።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ» አለ አድነው። «ዛሬ ደግሞ ምን ፈለጉ?»

«ሦስት ዓመት» አለችው።